የደርበው ዕድሜ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሰርክአዲስ አባቷን ገብረ ማርያምን ጋቢ ሳይለብሱ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። የሰኔ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ አድሮ ገና አላባራም፤ እንጅባራ ደግሞ እንኳን በሰኔ በበጋም ጠዋት ጠዋት ጥርስ የምታንቀጫቅጭ ከተማ ናት። ሽማግሌው አሮጌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በተከፈተው በር ጭቃውን ያያሉ። ሰርክአዲስ ሻይ ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ከንፈራቸው መጥቆሩን ነው። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ምስማር አየች። ምስማሩ ላይ ምንም አልተሰቀለም።

«አባባ፣ ጋቢዎ የት ሄደ?»

«ለነዳይ ሰጠሁት» አሉ ዓይናቸውን ከጭቃው ሳያነሡ። «ትናንት ማታ አንድ ምስኪን በር ላይ ቆሞ ነበር። ብርድ ሊገድለው ሆነ፤ አውልቄ ሰጠሁት።»

ሰርክአዲስ የግቢውን በር በገዛ እጇ ቀርቅራ ነው የተኛችው። አባቷም ወገባቸው ከታመመ ወዲህ ያለ ደጋፊ ከመደቡ አይወርዱም። ነዳይ የሚባል ሰው አልመጣም፤ ቢመጣም የሚከፍትለት አልነበረም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እሷ እንደምታውቅም ያውቃሉ። ከመጋረጃው ማዶ ታናሽ ወንድሟ ደርበው ተኝቷል፤ ወይም የተኛ መስሏል፤ ሲያንኮራፋ የነበረው ልጅ «ጋቢ» የሚለው ቃል ሲነሣ ትንፋሹ ቀጥ ብሏልና። አባትና ልጅ እኩል ወደ መጋረጃው አዩ፤ እኩል ዓይናቸውን መለሱ። «ደግ አደረጉ» አለች ሰርክአዲስ። የራሷን ሻል ከትከሻዋ አውርዳ ደረበችላቸው፤ ሻዩን አስጨበጠቻቸውና ወጣች።

እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ ሬዲዮው ጠፋ፤ አባቷ «ጩኸቱ ሰልችቶኝ ለሰው አውሼዋለሁ» አሉ። የከሰል ካውያው ጠፋ፤ «ዝጎ ነበር፣ ጣሉት አልኳቸው» አሉ። ከሟች እናቷ የቀረው ትልቁ ድስት ሲጠፋ ግን ወዲያው የሚሉት አጡና በአገውኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ አባቷ ሲያዝኑ አማርኛው ይጠፋቸዋል። ዕቃው አንድ በአንድ ከቤት ይወጣል፣ እሳቸው ከኋላ ከኋላው ምክንያት ይሰፉለታል። ገጠር ያለው መሬታቸው ላይ የተከሉትን የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አክሳዮች ቆርጠው ሲወስዱት የተገኘው ገንዘብ ለደርበው ዩኒቨርሲቲ መሄጃ ተብሎ የተቀመጠ ነበር፤ ገንዘቡ የት እንደገባ በዚያ ቤት አንሥቶ የጠየቀ የለም። ሰኞ ደርበው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ይቀመጣል። እሷና አባቷ አፋቸውን የያዙት ለዚህ ሲሉ ነው። ፈተናው እስኪያልፍ አይከፋው፣ አይረበሽ፤ ካለፈ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል፣ ከሄደ ቁማሩን ይተወዋል። ሩቅ ከተማም ያው የቁማር ቤት ይኑር አይኑር ሰርክአዲስ ለማሰብ አልደፈረችም።

የምትሠራው አስፋልቱ ዳር ካለው የሀሊሜ የጨርቅ ሱቅ ነው። ሀሊሜ ለሰው ክፉ ወሬ ማድረስ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሰርክአዲስ ገብታ ጣቃዎቹን መደርደር ከመጀመሯ በፊት ሜትሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ሰርኬ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለቻት። «ትናንት ወንድምሽ የጋሽ ገብረ ማርያምን ጋቢ በፌስታል ጠቅልሎ መጥቶ ግዢኝ አለኝ። ወደ ቤትህ መልሰው ብዬ ተቆጣሁት። እትዬ ሀሊሜ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ነገ አስመልሰዋለሁ አለኝ። ልግዛውና ለአባትሽ ልላክላቸው ብዬ እጄ ወደ መሳቢያው ሄዶ ነበር። ደግሞ ገንዘቡን ይዞ የት እንደሚገባ ሳስበው ተውኩት። ወስዶ ለልባሽ ነጋዴ ሸጠው። ልክ ሠርቼ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።»

 ሰርክአዲስ ሱቁ በር ላይ ቆማ ወደ ማዶ አየች። ከአስፋልቱ ወዲያ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት፣ በኳስ ጨዋታ ገንዘብ የሚወራረዱበት ቤቲንግ ቤቱ አለ። ቤቱ የአጎቷ የሽመክት ነው፤ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ አሁንም ዝናብ ሲጥል ከግድግዳው የበቆሎ ሽታ ይወጣል ይላሉ። ቀለም ተቀባ፣ ሰፋፊ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉበት፣ ወንበር ተደረደረበት፣ አዝመራው የሚባል ወጣት ሥራ አስኪያጅ መጣለት። ጠዋት ሲከፈት በር ላይ የሚጠብቁ አሉ። ባጃጁን አቁሞ የሚገባ፣ ደብተሩን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆ የሚገባ፣ ከዩኒቨርሲቲው መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የሚገባ። የተቆረጡ ቲኬቶች በሩ ላይ ጭቃው ውስጥ ተጣብቀው እንደ ቅጠል ይረገጣሉ። ከቤቱ ጀርባ ያለው የኳስ ሜዳ ሣር በቅሎበት የሰው ጥጃ ይግጥበታል፤ ልጆቹ ግን በካርታ ላይ የማያውቋቸውን አገሮች የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድኖች ተጫዋች በስም ይጠሩልሃል። በሚያዝያ ወጣቱን ከቁማር ስለመከላከል ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ጥሩ ተናጋሪ መጣ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ታደለ። ሲያልቅ ዝናብ ይዞ ስለነበር ከልጆቹ ግማሾቹ እየሮጡ እዚያው ቤት ገብተው ተጠለሉ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ልመለስ» አለችና የሀሊሜን ዣንጥላ ይዛ ወጣች። እግሯ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲወስዳት ምን እንደምትል አላዘጋጀችም። ተረኛው ሳጅን ዕድሜው የገፋ፣ በካፖርቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው። አዳመጣት። ቤቱ ፈቃድ አለው፣ ፈቃድ ያለውን ቤት ዝም ብሎ መዝጋት አይቻልም አላት። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ፣ «ወንድምሽ ዕድሜው ስንት ነው?» አለ።

«አሥራ ስምንት።»

«ከሃያ አንድ በታች ማስገባት ክልክል ነው። ቃልሽን ትሰጫለሽ?»

«እሰጣለሁ።»

ሳጅኑ ሁለት ፖሊሶች ጠራ። ሰርክአዲስ ከኋላቸው ስትሄድ ለረጅም ጊዜ ያልተሰማት የመቅለል ነገር ተሰማት። ደርበው እዚያ ይኖራል ብላ አላሰበችም። ስትወጣ ተኝቶ ነበር፤ ሰኞ ፈተና ነው፤ ቢያንስ ዛሬ፣ ቢያንስ ጋቢውን ከሸጠ በኋላ ያፍራል ብላ ነበር። ፖሊሶቹ ገብተው «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» ሲሉ ልጆቹ በጓሮ በር ፈሰሱ፤ ወንበር ወደቀ፤ አዝመራው ከቲኬት መቁረጫው መስኮት ኋላ እጁን አነሣ። መሀል ላይ አንድ ልጅ ብቻ አልሮጠም። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ወደ በሩ ሲዞር እህቱን አያት፤ ከጎኗ የቆመውን ፖሊስ አየ፤ ፖሊሱ «ይኼ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማ። ደርበው የተቀመጠበትን ወንበር አነሣ። ሰርክአዲስ ወደ እሷ የሚወረውረው መስሏት ፊቷን ሸፈነች። እሱ ግን ወንበሩን በቴሌቪዥኑ ላይ ነው ያሳረፈው።

ቤቱ በዚያች ሰዓት ታሸገ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ደርበው እጁ ታስሮ ሲሄድ መንገዱ ዳር ድንች የምትሸጠው ማናለብሽ ሥራዋን ትታ ሮጣ መጣችና ሰርክአዲስን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። «እግዜር ይስጥሽ እታለም! እኛ ሴቶቹ ፈርተን ነው እንጂ ስንት ጊዜ አስበነው። የኔው ልጅ ዛሬ የድንቹን ሽያጭ ገንዘብ ይዞብኝ ጠፍቶ ነበር፤ ይኸው አሁን ራሱን ደፍቶ ወደ ቤት ሲገባ አየሁት። አንቺ ነሽ ያስገባሽልኝ!» ሌሎችም መጡ፤ እጇን ያዙ፤ አንዷ አለቀሰች። ሰርክአዲስ የሚናገሩትን ትሰማለች፤ ዓይኗ ግን በዝናቡ ውስጥ እየራቀ በሚሄደው የወንድሟ ጀርባ ላይ ነው። ጃኬት አልለበሰም።

እኩለ ቀን ላይ ምግብ ይዛ ጣቢያው ስትሄድ ሳጅኑ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃት። የአዝመራው ድርጅት ንብረት ስለወደመበት ክስ አቅርቧል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚከፈተው ሰኞ ነው፤ ልጁ እስከዚያው ይቆያል።

«ሰኞ ጠዋት ፈተና አለው» አለች።

«ነገረኝ።»

«ለፈተናው ብቻ ወጥቶ ይመለስ?»

ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ። «ከሳሹ ካልተወው እኔ ምን አቅም አለኝ?» ወደ ደርበው አስገቧት። ሲሚንቶው ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ምግቡን አስቀመጠችለት፤ አላየውም። «አባባ ሰምተዋል?» ሲል ብቻ ነው ድምፁ የወጣው። «አልሰሙም» አለችው።  በልጅነቱ ጭለማ ይፈራ ነበር፤ ሽንት ቤት ስትወስደው ከውጭ ሆና ካልዘፈነችለት አይቀመጥም። ይህ ትዝ ሲላት ተነሥታ ወጣች።

አጎቷ ሽመክት የሚኖረው ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በድንጋይ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ገብረ ማርያምና ሽመክት አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው፤ ቤቱ ለቤቲንግ ከተከራየ ጀምሮ ግን ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ራስ ነቅንቀው ያልፋሉ እንጂ አይነጋገሩም። ሰርክአዲስ ስትገባ አጎቷ ምሳ ላይ ነበሩ። ሳሎኑ ትላልቅ ሶፋዎች የታጨቁበት፣ ሶፋዎቹ ደግሞ በፕላስቲክ የተሸፈኑ፣ ግድግዳው ላይ በቻይና የሚማረው ልጃቸው ጥቁር ካባ ለብሶ የተነሣው ፎቶ የተሰቀለበት ነው። እጇን አስታጠቧት፤ ብዪ አሏት፤ አንድ ጉርሻ አጎረሷት። እንዲህ ሲያደርጉላት ልትጠላቸው ስለማትችል አለቀሰች።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «አዝመራውም ደውሎልኛል። ምነው ልጄ፣ እኔ እያለሁ ፖሊስ ጋ? መጥተሽ አያ፣ ልጁን አታስገቡት ብትይኝ አልነግርልሽም ነበር?»

«ፋሲካ ላይ ነግሬዎት ነበር አያ።»

ሽመክት እንጀራውን ጠቅልለው ሳይጎርሱ መልሰው አኖሩት።  ከውጭ ውሻው በዝናቡ ሲያላዝን ይሰማል። «እውነትሽን ነው፣ ነግረሽኝ ነበር» አሉ። «እሺ። አሁን የሚሆነውን ልንገርሽ። ቴሌቪዥኑን እኔ እተካላቸዋለሁ። አዝመራው ክሱን ያነሣል፤ ልጁም ዛሬውኑ ይወጣል። ግን ቤቱ በአንቺ ቃል ነው የታሸገው። እንደታሸገ ከቆየ ፈቃዱን ይነጠቃሉ፤ እኔም ኪራዩን አጣለሁ። የዚያን ልጅ ትምህርት» አሉ በአገጫቸው ወደ ፎቶው እያመለከቱ፣ «የሚከፍለው እሱ ኪራይ ነው። ስለዚህ እነሱ ክሱን የሚያነሡት አንቺም ቃልሽን ስታነሺ ነው።»

«ምን ብዬ?»

«ደርበው ሃያ አንድ ሞልቶታል በያቸው። ትምህርት ዘግይቶ ነው የገባ በያ። የገጠር ልጅ ዕድሜ ማን በትክክል ያውቀዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ሰርክአዲስ። «እናቴ ስትወልደው ውሃ ያሞቅኩት እኔ ነኝ።»

«እኔስ መች ጠፋኝ?» አሉ ሽመክት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክርስትናው ዕለት በጉን ያረድኩት እኔ ነኝ።»

ሁለቱም ማዕዱን አዩ። ወጡ ረግቶ ነበር። ሰርክአዲስ መንገዱን በሙሉ ያሰበችውን ንግግር፣ ስለ አባቷ ብርድ፣ ስለ ማናለብሽ ልጅ፣ ስለዚያ የጓሮ ሜዳ፣ አንዱንም አልተናገረችው። ሰኞ ጠዋት የፈተናው አዳራሽ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ታያት፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዓመትም አየችው፤ ደርበው መጋረጃው ኋላ፣ አባቷ መደቡ ላይ። አጎቷ ካፖርታቸውን ደረቡ። ባጃጅ ጠሩ። መንገድ ላይ ብርዱ እንዳይገባባት ሸራውን በራሳቸው እጅ ወደ እሷ በኩል ወጥረው ያዙላት።

ሳጅኑ ሦስቱን፣ እሷንና ሽመክትን አዝመራውንም፣ አንድ ላይ ሲገቡ ሲያይ ሳይነገረው ገባው። ወንበር አላቀረበም። አዝመራው የሰርክአዲስ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር፤ ዓይኗን ሽሽቶ የጫማውን ጭቃ በግድግዳው ጠርዝ ይጠርጋል። ሳጅኑ ብዕሩን አነሣ።

«ጠዋት አሥራ ስምንት ብለሽኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ነው።»

«በስንት?»

«በሦስት ዓመት።»

ሳጅኑ ትክ ብሎ አያት። ቁጣ አይደለም፤ ድካም ይመስላል። «ይህን ከጻፍኩት ነገ ስለዚያ ቤት ሌላ ሰው ቢመጣም ቃሉ አይታመንለትም። ጠዋት ከቤቱ ውስጥ የተያዘ ልጅ ያለኝ የአንቺ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሮጠዋል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ይጻፉት።»

ጻፈው። ፈረመች። ጣቷ ከብዕሩ ሲላቀቅ ሽመክት ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና «ጎበዝ» አሏት፤ ልጅ ሳለች መርፌ ተወግታ ሳታለቅስ ስትቀር እንደሚሏት ዓይነት። አዝመራው ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ ቅዳሜ ማታ ትልልቅ ጨዋታዎች አሉ፣ መድረስ አለበት።

ደርበው ቀበቶውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። አጎታቸው ጉንጩን ሳሙት፤ «ፈተናህን አደራ» ብለውት በባጃጁ ሄዱ። እህትና ወንድም በአንድ ዣንጥላ ሥር በጭቃው ዳር ዳር መራመድ ጀመሩ። ዝናቡ ቀጥኗል፤ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ የመብራት ምሰሶዎቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። የደርበው ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሰርክአዲስ ዣንጥላውን ወደ እሱ አዘነበለች። ሊቆጣት ይችላል ብላ ጠብቃለች፤ ሊያለቅስም ይችላል ብላ ጠብቃለች፤ ለሁለቱም የምትለው ነበራት።  እሱ ግን መስጊዱ መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ክንዷን ያዘ።

«ሰርኬ፣ እኔ እኮ አልተቀየምኩሽም።»

«እሺ።»

«ሃያ አንድ ነው ብላ ፈርማለች አለኝ ሳጅኑ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እስካሁን ቲኬት የምቆርጠው መታወቂያ ባላቸው ልጆች ስም ነበር» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ለታመመ ሰው ደህና ወሬ እንደሚያደርስ ሰው። «ሚያዝያ ላይ ያሸነፍኩትን ትልቁን ገንዘብ ቲኬቱ በስሙ ስለነበር አንዱ ይዞብኝ ጠፋ። ለዚያ ነው ሁሉ ነገር የተበላሸው፤ አባባንም ያስቸገርኩት ለዚያ ነው። አሁን ግን ፖሊስ ራሱ ከጻፈልኝ አዝመራው እምቢ አይለኝም። በራሴ ስም እቆርጣለሁ። ታያለሽ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እመልሰዋለሁ።»

ሰርክአዲስ ቆመች። ፊቱ ላይ ሹፈት ፈለገች፤ ተንኮል ፈለገች፤ የተቀየመ ልጅ የሚወረውረው መርዝ ቢሆንላት ወደደች። ምንም አልነበረም። አምኖ ነው የሚናገረው። 

«ደርቤ፣ ሰኞ ፈተና…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን አጋማሽ አይቼ እመጣለሁ። አልቆይም። አንቺ ወደ አባባ ሂጂ» አለና ከዣንጥላው ሥር ወጥቶ ቀበቶውን እያጠለቀ አስፋልቱን ተሻገረ። በሩ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጦ ወድቋል። ውስጡ በርቷል፤ የተሰበረው ቴሌቪዥን በነበረበት ቦታ ግድግዳው ላይ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ሌሎቹ ይሠራሉ። ጠዋት በጓሮ የፈሰሱት ልጆች አሁን በፊት ለፊቱ በር እየተጋፉ ይገባሉ። አንደኛው የማናለብሽ ልጅ ነው።

ማናለብሽ ድንቿን ወደ ማዳበሪያ ከረጢት እየመለሰች ነበር። ቀና ብላ ወደ ቤቱ አየች፤ ልጇን አየች፤ ከዚያ ሰርክአዲስን አየች። እጇ ላይ ያለው ድንች ጭቃ እንደለበሰ ነው።

«እታለም፣ ከፈቱት እንዴ?»

«ከፈቱት።»

«አሁን ጠዋት ታሽጎ! ማነው ያስከፈታቸው?»

ሰርክአዲስ አላውቅም ልትል ትችል ነበር። መሽቷል፤ ዝናብ ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። «እኔ ነኝ» አለች።

ማናለብሽ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏት። ቀልድ አለመሆኑን ስታይ ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከከረጢቱ የተበተነውን ድንቿን መልቀም ጀመረች። ሰርክአዲስም ዣንጥላውን መሬት ላይ ጥላ አጠገቧ ቁጢጥ አለች፤ ወደ ቦዩ የተንከባለሉትን ለቅማ ወደ ከረጢቱ ልትከት እጇን ዘረጋች። ማናለብሽ ድንቹን ከእጇ ላይ ተቀበለቻት፤ መልሳ ጭቃው ላይ አኖረችውና ራሷ አነሣችው።